የመኪና የፊት ሞላ አገባብ
በሬዲዮ የቀረበ የተግባረ ዕድ ትምህርት



በዛሬው ትምህርታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጁና በገዛ ገንዘቡ ቀስ በቀስ እያደሰ ወደ ቀድሞ ክብሩ ለመመለስ የሚደክም ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበት ሥራ ነው፤ ይኸውም የመኪናውን አሮጌ የፊት ሞላ አውጥቶ አዲሱን በቦታው የማስቀመጥ ሥራ ነው። ሞተር ለማውረድ የሚደፍር፣ ቀለም ለመቀባት የማያመነታ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በትዕግሥት የሚዘረጋ ወጣት እንኳ ከዚህ ሥራ ሲደርስ እጁ ዝግ ይላል፤ ዝግ ማለቱም የብልህነት ምልክት እንጂ የፍርሃት ነውር አይደለም፤ ሞላ ማለት ብረት ብቻ ሳይሆን በብረት ውስጥ የታሰረ ኃይል ነውና። ይህን ኃይል የማያውቅ ሰው በጉልበቱ ይታገለዋል፤ ባሕርዩን የተረዳ ግን በሥርዓት ይገዛዋል። እኛም ዛሬ ስለ መፍቻና ስለ ቡሎን ከመናገራችን አስቀድሞ ስለ ባሕርዩ እንናገራለን።

ነገራችን በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንዳይቀር፣ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ መኪና ምሳሌ አድርገን እንያዝ፤ እርሱም ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለብዙ ዘመን ሲያመላልስ የኖረው ላዳ ነው። የላዳ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ኩባንያ ጋር ከተዋዋለ በኋላ በቮልጋ ወንዝ ዳር ቶልያቲ በተባለችው ከተማ በቆመው ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርተው ወጡ። መሐንዲሶቹ የጣሊያኑን መኪና እንዳለ አልተቀበሉትም፤ ሻካራውን መንገድ እንዲችል ከመሬት ያለውን ከፍታ ጨመሩለት፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኑን በከበሮ ፍሬን ለወጡት፣ ሰስፔንሽኑንም አጠነከሩት። ጠንካራና ቀላል ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ የላዳን የፊት ጎማ አውልቃችሁ ወደ ውስጥ ብትመለከቱ ሁለት ብራቾዎችን ታያላችሁ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ጎማውን የሚሸከመውን ብረት በቦል ጆይንት ይዘውታል። ሞላው የሚገኘው በታችኛው ብራቾ ላይ ካለው ሣህንና ከላይ በመኪናው አካል ላይ ካለው ሣህን መካከል ነው፤ ሾክ አብዞርበሩም በሞላው እምብርት ውስጥ ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ከታች ከብራቾው፣ ከላይ ከአካሉ ጋር ታስሯል። ይህ አሠራር ዛሬ የተለመደ ቢመስልም በጊዜው ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀድሞ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ከተደራረቡ ብረቶች የሚሠራው ባሌስትራ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር፤ ክብደቱንም ይሸከማል፣ አክስሉንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ያስራል። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው 380 በተባለው መኪናው ላይ ግን እነዚህ ሁለት ሥራዎች ተለያዩ፤ ጎማውን የመምራቱ ሥራ ለሁለቱ ብራቾዎች፣ ክብደቱን የመሸከሙ ሥራ ለሞላው ተሰጠ። ላዳም የሄደው በዚሁ ፍኖት ነው።

ከዚህ የሥራ ክፍፍል አንድ ትልቅ ነገር ይከተላልና እባካችሁ ልብ በሉት። ሞላው ክብደት ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ በላዳ ላይ እርሱን ራሱን የሚይዘው ቡሎን የለም፤ ዳዶም የለም። በቦታው የሚያጸናው በሁለቱ ሣህኖች መካከል ተጨምቆ መቀመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ የታችኛውን ብራቾ የፈታ ሰው፣ ያወቀም እንደሆነ ያላወቀም እንደሆነ፣ ሞላውን ፈትቷል።

አሁን ወደ ሞላው ባሕርይ እንግባ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ የሞላ መጨመቅ ከሚጫነው ኃይል ጋር በተመጣጠነ ልክ እንደሚሄድ አስረዳ፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን መጨመቁም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የተጠመዘዘ ሞላ ሲጨመቅ የሚያጥር ይመስለናል፤ ነገር ግን ሽቦው ራሱ አያጥርም፤ በውስጡ የሚሆነው ነገር፣ ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ በሁለት ጫፉ ይዘው ውኃውን ለማውጣት ሲያጣምሙት እንደሚሆነው ያለ መጣመም ነው። ብረቱ በሙሉ ርዝመቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጣመማል፤ ሸክሙ ሲነሣለትም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሞላው ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ውፍረቱን አራት ጊዜ በራሱ ያባዙት ያህል ያድጋልና። የላዳ የፊት ሞላ ሽቦ ውፍረት 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሰው በሌላው መጠን ሁሉ የሚመስለውን፣ ሽቦው ግን 14 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሞላ ቢያስገባ፣ ለዓይን የማይታወቀው ያ አንድ ሚሊ ሜትር ሞላውን በሢሶ ገደማ ያደነድነዋል። መኪናው ለምን እንደሚነጥር ግራ የሚገባው ባለቤት ብዙ ጊዜ መልሱን የሚያገኘው ከዚህች አንዲት ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

በሞላው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚታሰር ደግሞ በቍጥር እንመልከት። አዲስ የላዳ የፊት ሞላ ምንም ሳይጫነው 360 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 435 ኪሎ ግራም ሲጫነው ወደ 232 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የ128 ሚሊ ሜትሩ መጨመቅ የሚያከማቸው ጉልበት ሲሰላ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ2 ሜትር ከ80 ከፍታ ላይ ሲወድቅ ከሚያመጣው ጉልበት ጋር ይተካከላል። ይህ ሁሉ በቅጽበት ቢለቀቅ በፊቱ ያገኘውን እጅ፣ ፊት ወይም ደረት አይምርም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠልም ሞላው ጥቂት ተንፈስ ይላል እንጂ ፈጽሞ አያርፍም፤ ጎማው ስለ ተንጠለጠለ ሞላው ሞቷል ብሎ ማሰብ ብዙዎችን የሚያሳስት አደገኛ አሳብ ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቡሎን እስከ መጨረሻው ድረስ በኅሊናው ሊይዘው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም፦ የሞላው ኃይል አሁን በማን ላይ ዐርፏል? የሚለው ነው። መኪናው በጎማው ሲቆም ኃይሉ በጎማው በኩል በመሬት ላይ ያርፋል፤ ጎማው ሲንጠለጠል በቦል ጆይንቶቹ ላይ ያርፋል፤ ክሪክ ከብራቾው ሥር ሲገባ በክሪኩ ላይ፣ የሞላ መጭመቂያ ሲታሰር ደግሞ በመጭመቂያው ላይ ያርፋል። ጥበቡ በሙሉ ኃይሉን ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው ተሸካሚ፣ በመካከል አንድ ቅጽበት እንኳ ያለ ተሸካሚ ሳይተዉት፣ በሥርዓት ማስተላለፍ ነው። ለጥያቄው እርግጠኛ መልስ የሌለው ሰው መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ይመልከት።

አሁን ደግሞ ስለ ሞላው ምርጫ ጥቂት እንበል። ሞላ የሚለወጠው ሁልጊዜ በጥንድ ነው፤ የግራው ተሰብሮ የቀኙ ደኅና ቢመስልም፣ አሮጌው በዘመን ብዛት ዝቅ ስላለ አዲሱን ብቻውን ብናስገባ መኪናው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ፍሬን ሲያዝም አኳኋኑ ይዛባል። የላዳ ፋብሪካ የፊት ሞላዎቹን ሲሠራ ሁሉም ፍጹም እኩል እንደማይሆኑ ስለሚያውቅ፣ በዚያው በ435 ኪሎ ግራም ሸክም እየለካ በሁለት መደብ ይለያቸው ነበር፤ ከ232 ሚሊ ሜትር በላይ የሚረዝሙት በመጀመሪያው መደብ ገብተው በጥምዞቻቸው የውጭ ገጽ ላይ የቢጫ ቀለም ምልክት ይደረግባቸው፣ ከዚያ የማይበልጡት በሁለተኛው መደብ ሆነው አረንጓዴ ይቀቡ ነበር። በፊት የሚገቡት ሁለቱ የአንድ መደብ መሆን አለባቸው፤ የኋላዎቹም እንዲሁ። በፊት ቢጫ ገብቶ ለኋላ ቢጫ ከታጣ አረንጓዴ ማስገባት ይፈቀዳል፤ በፊት አረንጓዴ፣ በኋላ ቢጫ ማድረግ ግን አይፈቀድም። ስለዚህ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከተከመረው ዕቃ መካከል ሞላ የምትመርጡ ወገኖች፣ የመጣላችሁን ሁለት ሞላ ተሸክማችሁ ከመመለስ ይልቅ፣ ምልክቱን ፈልጉ፤ ምልክቱ ከጠፋም ሁለቱን በጠፍጣፋ ነገር ላይ ጎን ለጎን አቁማችሁ ቁመታቸውን አስተያዩ፣ የጥምዞቻቸውን ቍጥር ቍጠሩ፣ የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። ቁመት ብቻውን ጥንካሬን አይናገርምና ሦስቱንም መመርመር ያስፈልጋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሦስት መጥፎ ልማዶችን በግልጽ ልቃወም እወዳለሁ። አንደኛው መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላን ቆርጦ ማሳጠር ነው፤ የሚሠሩት ጥምዞች ቍጥር ሲያንስ ሞላው ይደነድናል፤ ስምንት የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት አንዱን የቆረጠ ሰው ሞላውን በሰባተኛ እጅ አደንድኖታል፣ በሣህኑ ላይ የሚቀመጥበትንም ጫፍ አበላሽቷል። ሁለተኛው በጋዝ እሳት አግሎ ማስጎንበስ ነው፤ የሞላ ብረት ኃይሉን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ስለሆነ፣ የጋዝ እሳት ይህን የተደከመበትን ባሕርይ በአንድ አፍታ ያጠፋዋል። ሦስተኛው የደከመ ሞላን ለማንሣት በጥምዞቹ መካከል የጎማ ቍራጭ መወተፍ ነው፤ ጎማው የገባበት ጥምዝ መሥራት ሲያቆም የእርሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይጨመራል፣ እነርሱም ያለ ዕድሜያቸው ይሰበራሉ። ታክሲ የብዙ ነፍስ ተሸካሚ ነውና፣ በእንዲህ ያለው ቍጠባ የሚተርፈው ገንዘብ ኋላ የሚያስከፍለው ዕዳ ከባድ ነው።

መኪናውን በሙሉ ፈትቶ ለሚያድስ ሰው ደግሞ በተለይ የምንነግረው አለ። ሞተሩ ወርዶ፣ ራዲያተሩና ባትሪው ተነሥቶ፣ የፊቱ ቦታ ባዶ በሆነ ጊዜ ሞላ ለማስገባት ቦታው የተመቸ ይመስላል፤ እጅ በነጻነት ይገባል፣ ብርሃንም ይደርሳል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የመኪናው ፊት ከመቶ ኪሎ በላይ ቀሎአል። ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር አግብታችሁ ወደ ላይ ስታነሡ፣ ሞላው በመጨመቅ ፋንታ የመኪናውን አካል ከመቆሚያው ላይ ያነሣዋል፤ አካሉን ወደ ታች የሚይዝ ክብደት የለምና። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሰው ከላይ እንዲቀመጥ የሚያደርጉ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነው። ሁለት የቀና መንገድ አለ፤ ወይ ሞተሩ እስኪመለስ መታገሥ፣ ወይም በክሪክ ሳይሆን በሞላው ውስጥ በሚገባ መጭመቂያ ሞላውን አሳጥሮ ማስገባት።

እነሆ፣ ወደ ሥራው ደረስን። መኪናው በጠፍጣፋና በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። የፊት ጎማዎቹ ቡሎኖች መኪናው ገና በመሬት ላይ ሳለ ጥቂት ይላላሉ። ከዚያ ፊቱ በክሪክ ይነሣና ክብደቱ በአካሉ ጠንካራ ቦታዎች ሥር በቆሙ ሁለት የብረት መቆሚያዎች ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት በማንም ዘንድ፣ በምንም ምክንያት አይፈቀድ።

ጎማው ከወለቀ በኋላ አስቀድሞ የሚወጣው ሾክ አብዞርበሩ ነው። የላይኛው ዳዶ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በሌላ መፍቻ ይያዛል፤ ከታች በብራቾው ላይ ያሉት ሁለት ዳዶዎች ሲፈቱም ሾክ አብዞርበሩ በብራቾው ቀዳዳ በኩል ወደ ታች ይወጣል። አሁን የሞላው እምብርት ባዶ ሆነ፤ የመጭመቂያው ዘንግ የሚገባውም በዚሁ ቀዳዳ ነው። ቀጥሎ መኪናው በኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ ከብራቾው ይለያል።

መጭመቂያው ከመግባቱ በፊት የዘንጉ ጥርስ ይመርመር፣ ግራሶም ይቀባ፤ ጥርሱ የተበላ ወይም መያዣው የተጣመመ መጭመቂያ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። ከአርማታ ብረት በየብየዳ ቤቱ የተሠሩ መንጠቆዎች ለዚህ ሥራ አይታመኑም። የመጭመቂያው መያዣዎች የሞላውን ጥምዞች በሙሉ አቅፈው መያዛቸው ሲረጋገጥ፣ ዘንጉ በእጅ መፍቻ ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ በአየር በሚሠራ መፍቻ መቸኰል ጥርሱን ያግለዋል፣ ይበላዋል። የሠራተኛው ፊትና ደረት በሞላው መስመር ትክክል እንዳይሆን፣ ሁልጊዜ ከጎኑ ይቁም። ሞላው በሣህኖቹ መካከል ላላ ብሎ በእጅ ሲነካ መዞር ሲጀምር፣ ጥያቄያችን መልስ አገኘ ማለት ነው፤ ኃይሉ አሁን በመጭመቂያው ላይ ዐርፏል። ይህም ሆኖ ሁለተኛ ዘብ አይጠላም፤ ክሪኩ ከብራቾው ሥር፣ በቦል ጆይንቱ አጠገብ ገብቶ ይጠባበቅ።

ከዚህ በኋላ የታችኛው ቦል ጆይንት ይለያል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ትልቅ አደጋ ታስቀራለችና አስተውሉ፦ ዳዶውን እስከ መጨረሻው አትፍቱት፤ ጥቂት ጥርሶች ላይ እንደ ተያዘ ተዉት። የቦል ጆይንቱ ሾጣጣ ዘንግ በማላቀቂያ መሣሪያ ተገፍቶ ጓ ብሎ ሲለቅ፣ ብራቾው ጥቂት ዝቅ ብሎ በዚያች ዳዶ ላይ ይቆማል፤ ከእጃችሁ አያመልጥም። ከዚያ ክሪኩን ጠጋ አድርጋችሁ ብራቾውን አሳርፉበት፣ ዳዶውን ጨርሳችሁ አውጡ፣ ክሪኩንም በዝግታ ዝቅ አድርጉ። ጎማውን የሚሸከመው ብረት ከነፍሬኑ በሽቦ ከላይ ይታሰር እንጂ በፍሬን ጎማ ቱቦው ላይ አይንጠልጠል፤ ቱቦው ክብደት እንዲሸከም አልተሠራምና። ብራቾው በበቂ ሲወርድ ሞላው ይወጣል።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ መንገድ ፋንታ የታችኛውን ብራቾ በመኪናው ፊት ሥር ካለው አግዳሚ ብረት ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች ፈትተው ብራቾውን በሙሉ ያወርዳሉ። ይህን የሚያደርግ በብራቾው ዘንግና በአግዳሚው ብረት መካከል የገቡትን ስስ የብረት ሮንዴላዎች ያገኛል፤ ከፊተኛው ቡሎን ላይ ስንት፣ ከኋለኛው ላይ ስንት እንዳሉ ሳይጽፍ አንዲቱን እንኳ እንዳያነሣ። የጎማው ዝንባሌና የመሪው ወደ ቀጥታ የመመለስ ጠባይ የሚስተካከሉት በእነዚህ ስስ ሮንዴላዎች ነው፤ የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ቢዛወር ሰስፔንሽኑ አዲስ ሆኖ ሳለ መኪናው መንገዱን ይስታል።

ሞላው ከወጣ በኋላ ባዶውን ቦታ ለማጽዳትና ለመመርመር ጊዜ አትንፈጉ። የታችኛውን ሣህን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፤ ዝገት በልቶት የሳሳ ከሆነ አዲስ ሞላ በእርሱ ላይ ማስቀመጥ ድካምን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ከዚያ ጣታችሁን በሣህኑ ዙሪያ አሂዱ፤ በአንድ ቦታ ላይ የሞላው ጫፍ የሚያርፍበት ማቆሚያ ታገኛላችሁ። ያን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ በሣህኑ ውጫዊ ጠርዝም ላይ መስመር አስምሩ፤ ሞላው ከገባ በኋላ ጫፉ በቦታው መሆኑን የምታረጋግጡት በባትሪ ብርሃን ይህን መስመር አይታችሁ እንጂ ጣት ሰዳችሁ አይሆንም። የብራቾዎቹ ጎሚኒዎች፣ ማለትም ብራቾዎቹ የሚታጠፉባቸው የጎማ መገጣጠሚያዎች፣ ተሰነጣጥቀው፣ ቦል ጆይንቶቹም ልቅ ሆነው ከተገኙ ዛሬውኑ ይለወጡ፤ ሞላው ወጥቶ ሳለ ቀላል የሆነው ሥራ ሞላው ከተመለሰ በኋላ እንደገና ከባድ ይሆናል።

አዲሱ ሞላ ሲገባ ቅደም ተከተሉ የወጣበት ተገላቢጦሽ ነው። በላይኛው ጫፉ ላይ የሚቀመጠው የጎማ ቀለበት ሞላው ሲነሣ ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ በሙጫ ጨርቅ ከጥምዙ ጋር ይያዝ፤ ይህ ጎማ የብረትን ድምፅ ከአካሉ የሚከለክል ስለሆነ ተረስቶ ከቀረ መኪናው በየጕድጓዱ ይጮኻል። የሞላው ቀለም እንዳይቧጠጥ ተጠንቀቁ፤ በማርቴሎ መምታት፣ ጥርስ ባለው ፒንሳ መያዝ አይገባም። በሞላ ገጽ ላይ የምትቀር ጭረት ዝገት ትጠራለች፤ ዝገቱም እያደር ስንጥቅ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሞላ ያለ ምክንያት ተሰበረ የሚባለው እንዲህ ያለ የተሰወረ ምክንያት ስላለው ነው።

የተጨመቀው ሞላ በሁለቱ ሣህኖች መካከል ሲገባ ጫፉ በጠመኔ ወደ ተመለከተው ማቆሚያ እስኪደርስ ድረስ በእጅ ይዞራል። ክሪኩ ብራቾውን ያነሣዋል፤ የቦል ጆይንቱ ዘንግ በቦታው ይገባል፤ ዳዶው በሚገባ ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ብቻ፣ ከዚህም በፊት ሳይሆን፣ መጭመቂያው በዝግታ ይላላል። በሚላላበት ጊዜ የላይኛውንም የታችኛውንም መቀመጫ እየተመለከታችሁ ሂዱ፤ ጫፉ ከማቆሚያው ቢሸሽ ቆም ብላችሁ መልሳችሁ ጨምቁት፣ አስተካክሉት። ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲቀመጥ ኃይሉ ከመጭመቂያው ወደ ብራቾውና ወደ ቦል ጆይንቱ ተሻገረ፤ መጭመቂያው ይወጣል፣ ሾክ አብዞርበሩና የኩርባው ዘንግ ይመለሳሉ፣ ጎማው ይታሰራል። በሌላው ወገንም ሥራው በዚሁ ሥርዓት ይፈጸማል።

ብዙዎች ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ክፍል ገና ነው። የብራቾዎቹ ጎሚኒዎች የሚሠሩት እንደ ኩሽኔታ በመንሸራተት ሳይሆን በመጣመም ነው፤ የመካከሉ ብረት በዳዶው ተጨብጦ ሲቆም፣ በዙሪያው ያለው የጎሚኒው ጎማ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ በሁለቱም ወገን ይጣመማል። ስለዚህ ጎሚኒ ለመለወጥ ወይም ብራቾውን ለማውረድ የብራቾውን ዘንግ ዳዶ ፈትቶ፣ ብራቾው ተንጠልጥሎ ሳለ መልሶ ያጠበቀ ሰው፣ መኪናው መሬት በነካ ጊዜ ጎሚኒውን ዘወትር እንደ ተጣመመ እንዲኖር ፈርዶበታል፤ እንዲህ ያለው ጎሚኒ ፈጥኖ ይቀደዳል፣ መኪናውም ከትክክለኛ ከፍታው ይዛባል። የላዳ ፋብሪካ መመሪያ እነዚህ ዳዶዎች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ 320 ኪሎ ግራም ሲጫነው ነው ይላል፤ ይኸውም አራት ሰዎችና በዕቃ ማስቀመጫው 40 ኪሎ ዕቃ ማለት ነው። መኪናው ከክሪክ እንደ ወረደ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋ፣ ከላይም ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይለቀቅ፤ ብራቾዎቹ ትክክለኛ ቦታቸውን ሲይዙ፣ ሸክሙ ይጫንና ዳዶዎቹ ይጥበቁ። በዕድሳት ላይ ያለ መኪና ሞተሩ፣ ወንበሮቹና መስተዋቶቹ ገና ያልገቡ ከሆነ፣ ይህ ማጥበቅ ሁሉም ነገር እስኪገባ ድረስ ይቆይ፤ ቀሪ መሆኑም እንዳይረሳ በመሪው ላይ በወረቀት ተጽፎ ይታሰር። የባዶ መኪና ከፍታም ምንም አይመሰክርም፤ ክብደቱ ሳይሟላ ሞላው ረዘመ ወይም አጠረ ብሎ መፍረድ ችኰላ ነው።

በመጨረሻ የግራና የቀኙ ከፍታ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለካ፤ እኩል መሆን አለበት። የጎማ አሰላለፍ መለኪያ ወዳለበት ጋራዥም ሂዱ፤ በላዳ ላይ ሸክም በተጫነበት አኳኋን የሁለቱ የፊት ጎማዎች በፊት በኩል መጥበብ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይረጋልና፣ ከዚያ በኋላ ከፍታው እንደገና ይለካ፣ ዳዶዎቹም እንደገና ይፈተሹ።

ክቡራን አድማጮች፣ ንግግሬን ስፈጽም በየጋራዡ ደቀ መዛሙርት የምታስተምሩትን መምህራን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወጣቱ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ፣ ኃይሉ አሁን በማን ላይ እንዳረፈ በአፉ እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ መልሱን ሳይናገር አንዲት ዳዶ አታስፈቱት። በመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ያዘገይባችኋል፤ ነገር ግን ዕለቱን ዘግይቶ የተማረ እጅ ዕድሜውን ሙሉ በሰላም ይሠራል። ይህም ልማድ በሞላ ብቻ አይወሰንም፤ የተነሣ ሞተር፣ የተወጠረ ገመድ፣ የተነፋ ጎማ፣ ሁሉም የታሰረ ኃይል ስለሆኑ ጥያቄው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። አሮጌ መኪና የምታድሱ ወጣቶችም፣ ብቻችሁን አትሥሩ፤ መጭመቂያውን በደኅና ገንዘብ ግዙ ወይም ከታመነ ሰው ተዋሱ፤ ጨለማ በገባ ጊዜ ለመጨረስ አትጣደፉ፤ ያልተጨረሰው ሥራ ነገ ይጠብቃችኋል።